ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ስንት ቶን ይቆጥባል? ስለ ካርቦን ክሬዲት ልኬት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካርቦን ክሬዲት አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም አቻው መቀነሱን የሚመሰክር፣ የሚሸጥ ሰነድ ነው። መልሶቹ በአብዛኛው የሚያተኩሩት በማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ፕሮጀክቶች ላይ ነው። የልቀት ቅነሳ ልኬት ችግሮች ሁሉ በአንድ ጓዳ ውስጥ ተሰብስበው የሚታዩት እዚያ ነውና። ስለ ደን አንድ ጥያቄ ከታች አለ።

ለመሆኑ የሚለካው ምንድን ነው? ጭሱ ነው?

ጭሱን ማንም አይለካም፤ የሚለካው ማገዶው ነው። ቤተሰቡ አዲሱን ምድጃ ይዞ የሚያነደው ማገዶ ይመዘናል፤ ምድጃው ባይመጣ ኖሮ ያነድ ነበር ከተባለው ላይ ይቀነሳል፤ ልዩነቱ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። የመጀመሪያው ቁጥር በሚዛን ይገኛል። ሁለተኛው ግን ያልተፈጸመ ነገር ስለሆነ ሚዛን ላይ አይወጣም። በዘርፉ የሚነሳው ክርክር ከሞላ ጎደል ከዚህ የሚመነጭ ነው። ምድጃው ጥሩ መሆኑን የሚጠራጠር ብዙ ሰው የለም። ጥያቄው ከምን ጋር እንደተነጻጸረና በእርግጥ በየቀኑ እንደሚነድበት ነው።

ስሌቱን በቁጥር ማየት ይቻላል?

አምስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ በቀን የተቆጠበው ማገዶ፣ ምድጃውን በእርግጥ የሚጠቀሙ ቤቶች ድርሻ፣ ታዳሽ ያልሆነው (ተቆርጦ መልሶ የማይተካው) የእንጨት ድርሻ፣ የእንጨቱ የሙቀት ይዘት እና የልቀት መጠኑ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ማንም አዲስ አይለካቸውም፤ ከአይፒሲሲ (የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ የባለሙያዎች ቡድን) ሰንጠረዥ ይወሰዳሉ። አንድ ቶን እንጨት 0.0156 ቴራጁል ሙቀት ይሰጣል። በቴራጁል 112 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ደግሞ ወደ 9.46 ቶን የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ይጨምራሉ።

ለምሳሌ ያህል አምስት ሰው ያለበት ቤት ቀድሞ በቀን 7 ኪሎ ያነድ ነበር፣ አሁን 4.5 ኪሎ ያነዳል እንበል። ቁጠባው በቀን 2.5 ኪሎ፣ በዓመት 0.9125 ቶን ነው። ከመቶ ቤት 85ቱ ምድጃውን ከተጠቀሙ በአማካይ ለአንድ ምድጃ የሚደርሰው 0.776 ቶን እንጨት ነው። ታዳሽ ያልሆነው ድርሻ 0.88 ከሆነ 0.88 በ112 ይባዛና 98.56 ይመጣል፤ 9.46 ሲጨመር 108.02፤ ይህ በ0.0156 ከዚያም በ0.776 ሲባዛ 1.31 ቶን ይሆናል። ለሊኬጅ፣ ማለትም በአንዱ ቤት የተረፈውን እንጨት ሌላው ቤት ሊያነደው ስለሚችል፣ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ይቀነሳል። የሚቀረው 1.24 ቶን ነው።

አሁን አንዱን ቁጥር ብቻ እንለውጥ። ታዳሽ ያልሆነው ድርሻ 0.88 መሆኑ ቀርቶ 0.40 ከሆነ ውጤቱ 0.62 ቶን ነው። በዚያ ላይ ተጠቃሚው 85 ሳይሆን 60 በመቶ ቢሆን 0.44 ቶን ይሆናል። ምድጃው ያው ነው፣ ቤቱም ያው ነው፤ ክሬዲቱ ግን ወደ ሲሶው ወርዷል። አንድ ሰው «ምድጃዬ በዓመት ይህን ያህል ቶን ያስገኛል» ሲልዎት መጀመሪያ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይጠይቁት።

የቀድሞው ፍጆታ ከየት ይመጣል?

ምድጃው ከመታደሉ በፊት በሚደረግ ልኬት፣ ወይም ምድጃ ባልደረሳቸው ተመሳሳይ ቤቶች ላይ በሚደረግ ልኬት። «በሳምንት ስንት ሸክም ትጠቀማላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ርካሽ ነው፤ ግን የአንዷ ሸክም 15 ኪሎ፣ የሌላዋ 30 ኪሎ ሊሆን ይችላል። መጠይቅ ብቻውን አይታመንም፤ ቢያንስ ከተመዘኑ ሸክሞች ጋር መመሳከር አለበት።

ሁለተኛው የተለመደ ስህተት ሁሉንም ቤት ባለ ሦስት ጉልቻ አድርጎ መቁጠር ነው። በኢትዮጵያ «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሰራጭ ቆይቷል። ላቀች የከሰል ምድጃና ሌሎችም አሉ። የተሻሻለ ምድጃ የነበረውን ቤት በጉልቻ ሒሳብ ማስገባት የሌለ ቁጠባ መፍጠር ነው።

ለማመሳከሪያ የሚሆን ቁጥር አለ። በሲዲኤም (በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ክሬዲት ሥርዓት) የአነስተኛ ምድጃ ዘዴ ሲሠራበት የቆየው ነባሪ ግምት፣ ማለትም የራስ ልኬት በሌለበት የሚወሰደው ቁጥር፣ በሰው በዓመት 0.5 ቶን እንጨት ነው። በላይኛው ምሳሌ 7 ኪሎ በ365 ቀን ተባዝቶ ለአምስት ሰው ሲካፈል 0.51 ቶን ይመጣል። በሰው 1 ቶን ወይም ከዚያ በላይ የሚል ሰነድ ከቀረበልዎ ስህተት ነው ማለት ባይሆንም፣ ጥሬ መረጃውን ማየት ግድ ይላል።

ምድጃው በላብራቶሪ ተፈትኗል፤ ያ ለምን አይበቃም?

የላብራቶሪው ሙከራ ውሃ ማፍላት ነው፤ ምን ያህሉ ሙቀት ወደ ድስቱ እንደገባ ይለካል። ለሦስት ጉልቻ ነባሪው ብቃት 10 በመቶ ነው። አዲሱ ምድጃ 20 በመቶ ካመጣ በወረቀት ላይ ማገዶውን በግማሽ ይቀንሳል። ችግሩ የእኛ ዋና የማገዶ በላተኛ እንጀራ መሆኑ ነው፤ ምጣድ ላይ ደግሞ ውሃ አይፈላም።

ለምጣድ የሚሆነው ቁጥጥር ያለው የማብሰል ሙከራ ነው። ያው ጋጋሪ፣ ያው ሊጥ፣ ያው እንጨት ይያዝና በሁለቱም ምድጃ ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ ይጋገራል። ውጤቱ ለአንድ ኪሎ እንጀራ ስንት ግራም ማገዶ ነደደ በሚል ይገለጻል። እዚህ ላይ የእንጀራው ብዛት መወሰን አለበት። የመጀመሪያው ማገዶ ምጣዱንና የምድጃውን ግድግዳ ማሞቂያ ስለሆነ አሥር እንጀራ ብቻ የሚጋገርበት ሙከራ ሠላሳ ከሚጋገርበት የተለየ ቁጥር ይሰጣል። በሲሚንቶና በፐሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ወፍራም ስለሆነ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በሌላ በኩል ከምድጃው ኋላ ባለው የጭስ መውጫ ላይ ድስት ይጣዳል፤ የእንጀራ ሙከራ ይህን ጥቅም አይመዘግበውም።

ሁለቱም ሙከራዎች የሚነግሩን ምድጃው ምን እንደሚችል ነው። ቤተሰቡ ምን እንዳደረገ የሚነግረን የቤት ውስጥ የማገዶ ልኬት ነው።

የቤት ውስጥ ልኬቱ እንዴት ይካሄዳል?

ለአንድ ቤት አራት ጉብኝትና ሦስት ሙሉ ቀን ያስፈልጋል። መሣሪያው 0.1 ኪሎ ወይም ከዚያ ያነሰ ልዩነት የሚያሳይ የተንጠልጣይ ሚዛን፣ ማሰሪያ ገመድ፣ የእንጨት እርጥበት መለኪያ እና ቅጽ ነው። ሚዛኑ በየማለዳው በታወቀ ክብደት ይፈተሽ።

በመጀመሪያው ቀን ቤተሰቡ ለሦስት ቀን የሚበቃውን ማገዶ ለብቻው እንዲከምር ይደረጋል፤ ክምሩ ይመዘናል። ከዚህ ክምር ብቻ እንዲያነዱ፣ አዲስ ሲያመጡ ሳይመዘን እንዳይቀላቅሉ ይነገራቸዋል። ለጎረቤት ከተሰጠም መነገር አለበት። በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ተመልሶ የቀረው ይመዘናል። ከምድጃው የወጣ ግማሽ የነደደ ግንድም ወደ ክምሩ ተመልሶ ይቆጠራል፤ በብዛት የሚዘነጋው ይህ ነው። ከሰል፣ ኩበት፣ የማሽላ አገዳ፣ ጭራሮ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይመዘናሉ። የሚመዘነው ቤቱ ውስጥ የነደደው ሁሉ ነው፤ አዲሱ ምድጃ ውስጥ የገባው ብቻ ከሆነ ልኬቱ ዋጋ የለውም።

በየቀኑ ስንት ሰው እንደበላ ይመዘገባል። ሰው ሁሉ እኩል አይቆጠርም፦ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ 0.5፣ ሴት 0.8፣ ከ15 እስከ 59 ዓመት ያለ ወንድ 1፣ ከዚያ በላይ የሆነ ወንድ 0.8 ተብሎ ይሰላል። ማገዶው ለዚህ ድምር ሲካፈል እንግዳ የበዛበትን ቀን ከሌላው ጋር ማነጻጸር ይቻላል።

ማገዶ በነጻ አይሰጥም፤ የተሰጠ ማገዶ በእጥፍ ይነዳል። ፋሲካ፣ ገና፣ ዒድ፣ ሠርግ፣ ተዝካር፣ ደቦ ያለበት ሳምንት ይዘለላል። ቤቱ ጠላ የሚጠምቅ ወይም አረቄ የሚያወጣ ከሆነ ለብቻ ይመደብ፤ አንድ የአረቄ ቀን የሦስት ቀኑን አማካይ ይገለብጠዋል። የጾምና የፍስክ ሳምንትም የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ልኬት በክረምት፣ ሁለተኛው በበጋ ከተደረገ ደግሞ የወቅቱ ልዩነት የምድጃ ቁጠባ መስሎ ይገባል።

እርጥበት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። 10 ኪሎ እንጨት ውስጥ እርጥበቱ 35 በመቶ ከሆነ ደረቁ 6.5 ኪሎ ነው፤ 15 በመቶ ከሆነ 8.5 ኪሎ። ሚዛኑ ግን በሁለቱም ቀን 10 ነው የሚለው።

ወጥመዱ ያለው መሣሪያው ላይ ነው። በእጅ የሚያዙት ባለ ሁለት መርፌ መለኪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት ከደረቁ ክብደት አንጻር የተሰላ እርጥበት ነው። የስሌት ሰንጠረዡ ደግሞ ከጠቅላላው ክብደት አንጻር ሊጠይቅ ይችላል። መለወጫው ቀላል ነው፤ የመሣሪያውን ቁጥር፣ በራሱ ላይ አንድ ተደምሮ ለሚገኘው ማካፈል ነው (0.25 ለ1.25)። 25 በመቶ ያሳየ መሣሪያ በሌላው አቆጣጠር 20 በመቶ ማለቱ ነው። ከእያንዳንዱ ክምር ቢያንስ ሦስት ፍልጥ መርጦ እያንዳንዱን በሦስት ቦታ መውጋት ይገባል። ላዩ በፀሐይ የደረቀ ግንድ ውስጡ እርጥብ ስለሆነ አዲስ በተፈለጠው ገጽ ላይ ቢለካ ይሻላል። በጣም እርጥብ የሆነ እንጨት ላይ መርፌው አይታመንም።

ስንት ቤት መለካት ይበቃል?

በቤቶቹ መካከል ባለው ልዩነት ይወሰናል። «90/10» የሚባለው ደንብ በ90 በመቶ መተማመን ስህተቱ ከአማካዩ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ስሌቱ 1.645ን በልዩነቱ መጠን አባዝቶ ለ0.1 አካፍሎ ውጤቱን በራሱ ማባዛት ነው። የልዩነቱ መጠን መደበኛ ልዩነት ለአማካይ ሲካፈል የሚገኘው ነው። 0.4 ከሆነ 44 ቤት፣ 0.6 ከሆነ 98 ቤት ያስፈልጋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት የፍጆታውን ልዩነት ወስደው ናሙና ሲያወጡ ነው፤ የሚሸጠው ግን ቁጠባው ነው። አማካይ ቁጠባው 2.5 ኪሎ ሆኖ መደበኛ ልዩነቱ 2 ኪሎ ቢሆን መጠኑ 0.8 ነው፤ በ90/10 የሚያስፈልገው 174 ቤት ይሆናል። አርባ ቤት ለክቶ የመጣ ቡድን ወይ ተመልሶ ይለካል ወይ አማካዩን ትቶ የዝቅተኛውን ወሰን ቁጥር (ከአማካዩ ላይ ስህተቱ ሲቀነስ የሚቀረውን) ይወስዳል። አንዳንድ ዘዴዎች 90/30ን፣ ማለትም እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ስህተትን፣ ይቀበላሉ። ያኔም ስህተቱ ከ30 በመቶ ካለፈ የሚወሰደው ዝቅተኛው ወሰን ነው። መሀል ላይ የሚያቋርጥ ቤት ስለማይጠፋ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ትርፍ መያዝ ልማድ መሆን አለበት።

ቤተሰቡ አዲሱን ምድጃ ይዞ ጉልቻውንም ቢጠቀምስ?

ይጠቀማል፤ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ምርጥ ምድጃ ለእንጀራ ነው፤ ወጡ፣ ቡናው፣ ንፍሮው ብዙ ጊዜ ጉልቻ ላይ ወይም ከሰል ላይ ይሠራል። ልኬቱ የቤቱን ማገዶ በሙሉ ከመዘነ ይህ ራሱ በቁጥሩ ውስጥ ይገባል። ከላብራቶሪ ብቃት ብቻ የተሰላ ከሆነ ግን ቁጠባው ይጋነናል።

የአጠቃቀም ድርሻው በየዓመቱ ለብቻው ይጠናል። ክሬዲት ከሚሰጡት ድርጅቶች አንዱ በሆነው በጎልድ ስታንዳርድ የቆየው ዘዴ ቢያንስ 100 ቤት፣ ከየምድጃው ዕድሜ ደግሞ ቢያንስ 30 ይጠይቃል። የአንድ ዓመት ምድጃና የአራት ዓመት ምድጃ አንድ አይደሉምና። «ትጠቀሚበታለሽ?» ለሚለው ጥያቄ ምድጃውን ከሰጠው ድርጅት ለመጣ ሰው «አዎ» የማይል ማን አለ? ስለዚህ ጠያቂው በዓይኑ ይይ፦ ትኩስ አመድ አለ? ምጣዱ ላይ የተሰበረ ቦታ አለ? ምድጃው ላይ ዕቃ ተከምሯል? ጉልቻው ስንት ጥላሸት ይዟል? ከዚህ የሚሻለው በየጥቂት ደቂቃው ሙቀት የሚመዘግብ አነስተኛ መሣሪያ ነው። በአዲሱም በጉልቻውም ላይ ይተከል። ብዙዎቹ ከ85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለማይችሉ ከእሳቱ ራቅ ይበሉ። የሲሚንቶ ምድጃ ከተጠፋ በኋላ ለሰዓታት ትኩስ ሆኖ ስለሚቆይ ሙቀቱ ከፍ ያለበትን ሰዓት ሁሉ እንደ ማብሰያ ሰዓት መቁጠር ስህተት ነው። የሚቆጠረው ሙቀቱ መውጣት የጀመረበት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የማገዶ ልኬቱ ናሙና ምድጃውን የተዉ ቤቶችንም የያዘ ከሆነ ውጤቱን እንደገና በአጠቃቀም ድርሻ ማባዛት ሁለት ጊዜ መቀነስ ነው። ተጠቃሚዎችን ብቻ ለክቶ አለማባዛት ደግሞ የባሰ ስህተት ነው።

ታዳሽ ያልሆነ ድርሻ ማለት ምንድን ነው? ለምንስ ይህን ያህል ይጨቃጨቁበታል?

ከተቆረጠ በኋላ መልሶ የሚበቅል እንጨት ሲነድ የወጣው ካርቦን በአዲሱ ዛፍ ይመለሳል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ክሬዲት የሚገኘው መልሶ ካልተተካው እንጨት ብቻ ነው። የደጋ ገበሬ በጓሮው የተከለውን ባሕር ዛፍ እየቆረጠ ቢያነድና ጉቶው ቢያቆጠቁጥ ያ ታዳሽ ነው። ከተራራው ላይ ያለቀው የሐበሻ ጥድ ወይም ወይራ ግን ታዳሽ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2012 በሲዲኤም ለኢትዮጵያ የተቀመጠው ነባሪ ቁጥር 88 በመቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡ የካርታና የዕድገት ሞዴሎች በጣም ዝቅ ያሉ ቁጥሮችን ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ከሚቆረጠው የማገዶ እንጨት ውስጥ ዘላቂ ያልሆነው ከ27 እስከ 34 በመቶ ነው ብሏል፤ ምሥራቅ አፍሪካን ከፍ ካሉት አካባቢዎች መድቧታል። በጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) በኔቸር ሰስቴነቢሊቲ መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ የመረመራቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች በአማካይ 9.2 እጥፍ አጋንነው ክሬዲት አግኝተዋል ብሎ ደመደመ። ከተጠቀሱት ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ ድርሻ ነው፤ የአጠቃቀም ድርሻና ጉልቻውን ጎን ለጎን መጠቀምም ተነስተዋል። 9.2 የሚለው ቁጥር ራሱ ክርክር ቢነሳበትም አዳዲስ ዘዴዎች ከቆዩት አገራዊ ነባሪዎች እየራቁ መሆናቸው አያከራክርም። ዛሬ 0.88ን ይዞ የሚነሳ የገቢ ዕቅድ ገና ከመነሻው የሚያሰጋ ነው።

ከሰልና ኩበት እንዴት ይቆጠራሉ?

ከሰል የሚቆጠረው እሱን ለማክሰል ወደ ተቃጠለው እንጨት ተመልሶ ነው። የቆየው ነባሪ ለአንድ ኪሎ ከሰል 6 ኪሎ እንጨት ይል ነበር፤ አዲሱ 4 ኪሎ ነው። ኩበት ዛፍ ስላልሆነ ኩበት መቆጠቡ የደን ካርቦንን አይጨምርም፤ ለማሳው ግን ትልቅ ጥቅም ነው። ቤቱ ከኩበት ወደ እንጨት ከተሸጋገረ ልቀቱ ጨምሯል ማለት ነው፤ ይህም መቆጠር አለበት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ቀላል ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

የአጠቃቀሙ ክፍል በእርግጥ ይቀላል፤ ቆጣሪው ኪሎዋት ሰዓቱን ይናገራል፣ ማንም ሰው «አዎ እጠቀማለሁ» እንዲል አያስፈልግም። ቆጣሪው ግን ለምጣዱ ብቻ መሆን አለበት፤ የቤቱ ቆጣሪ ፍሪጁንም ቴሌቪዥኑንም ይቆጥራል። የቀድሞው ማገዶና ታዳሽ ያልሆነው ድርሻ ጥያቄዎች ግን እንዳሉ ይቆያሉ።

የደን ፕሮጀክትስ?

ሌላ ሥራ ነው። ወላይታ ውስጥ ያለው የሁምቦ ፕሮጀክት 2,728 ሔክታር ላይ ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ በመከለልና በመግረዝ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሲዲኤም ተመዘገበ፤ በ30 ዓመት ወደ 880,000 ቶን ይይዛል ተብሎ ታቅዶለታል። እንዲህ ባለ ቦታ ቋሚ የናሙና መደቦች ይከለላሉ፣ የእያንዳንዱ ዛፍ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ይለካል፣ ለዝርያው በተዘጋጀ ቀመር ወደ ደረቅ ክብደት ይለወጣል፤ የሥሩም ይጨመራል። ክብደቱ በ0.47 ሲባዛ ካርቦኑ፣ ያ ደግሞ በ3.67 ሲባዛ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይገኛል። ከአንድ ጉቶ አምስት ግንድ ከወጣ አምስቱም ለየብቻ ይለካሉ፤ በአማካይ መገመት ውጤቱን ያዛባል። ምንጣሮን ለመከላከል የሚሠራ ፕሮጀክት ግን የሚከራከረው በዛፉ ውፍረት ሳይሆን «ባንጠብቀው ስንት ሔክታር ይመነጠር ነበር» በሚለው ላይ ነው። ሌላው ክሬዲት ሰጪ ድርጅት ቬራ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘዴ ይህን ግምት ፕሮጀክቱ ራሱ እንዳያወጣ ያደረገው ለዚህ ነው።

አረጋጋጩ (የፕሮጀክቱን ቁጥሮች የሚመረምረው ገለልተኛ አካል) ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ምንድን ነው?

የሽያጭ ወይም የዕደላ መዝገቡን። ከዝርዝሩ በዕጣ ቤቶች ይመርጥና ይሄዳል። የተመዘገበው ስልክ የማይሠራ፣ ቤቱ የማይገኝ፣ አንድ ስም ሦስት ቦታ የተጻፈ ከሆነ የቀረው ሰነድ ምንም ቢያምር አይረዳም። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ የአንድ ምድጃ አልሚ ኩባንያ የቀድሞ ኃላፊዎችን የዳሰሳ መረጃ አጭበርብረዋል ብሎ ከከሰሰ ወዲህ ጥሬ ቅጾችን መጠየቅ ይበልጥ ጠብቋል። የተጠቃለለውን ሰንጠረዥ ብቻ ሳይሆን በእጅ የተሞላውን ቅጽ፣ የስልክ መተግበሪያውን የመጀመሪያ ፋይል ከነሰዓቱና ከነቦታው ይያዙ።

ለእያንዳንዱ ምድጃ የማይደገም ቁጥር ይሰጠው፤ ወረቀት ላይ ተጽፎ የተለጠፈ በአንድ ወር ጥላሸት ይበላዋልና በሲሚንቶ ምድጃ ላይ ከሆነ ሳይደርቅ ይቀረጽ። ቤተሰቡ የካርቦን መብቱን ለማን እንዳስተላለፈ በሚገባው ቋንቋ የተጻፈና የፈረመበት ውል ይኑር። በዚያው ቀበሌ ሌላ የምድጃ ፕሮጀክት መኖሩም አስቀድሞ ይጣራ። አንድ ጓዳ በሁለት ፕሮጀክት ከተቆጠረ ከሁለቱ የአንዱ ክሬዲት መሰረዙ አይቀርም።